ለኤሌክትሪክ የውድድር ጀልባ ባትሪ፣ ፕሮፔለርና ሞተር አመራረጥ፤ በጣና ዳር ለሚነዱ

በሪሞት የሚነዳ የኤሌክትሪክ የውድድር ጀልባ ሊሠራ የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያወጣው ለሞተሩ ነው፤ ባትሪውን በተረፈው ገንዘብ ይገዛል፣ ፕሮፔለሩን ደግሞ ከጀልባው ጋር የመጣውን ይተክላል። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ሞተር በራሱ ፈቃድ ኃይል አይስብም፤ ምን ያህል አምፔር እንደሚስብ የሚወስነው ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ነው፤ ፕሮፔለሩ የጠየቀውን ለመስጠት ሲባል ባትሪው ይደክማል፣ ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይግላል፣ ሞተሩም ይቃጠላል። ስለዚህ ምርጫው ከውሃው ተነሥቶ ወደ ጀልባው ውስጥ ሊገባ ይገባል፤ መጀመሪያ ውሃውና አካሉ፣ ቀጥሎ የሩጫው ደቂቃና ባትሪው፣ ከዚያ ፕሮፔለሩና ሞተሩ፣ በመጨረሻም መቆጣጠሪያው ይመረጣል።

በባሕር ዳር ይህን ሥርዓት መጠበቅ ከሌላ ቦታ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የተቃጠለ ሞተር ወይም ያበጠ ባትሪ በማግስቱ ከሱቅ የሚተካ ዕቃ አይደለምና። ብዙውን ጊዜ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ወይም ወዳጅ እስኪገኝ ድረስ ጀልባው መደርደሪያ ላይ ይከርማል። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች የተሰጡት መጠኖች ሁሉ ከፍተኛውን ፍጥነት ሳይሆን ብዙ ጊዜ ተመላልሶ የሚሮጥ ጀልባን ታሳቢ ያደረጉ ናቸው።

አንደኛ፦ ውሃውንና ሰዓቱን ማወቅ

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,790 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚገኝ ጨዋማ ያልሆነ ሐይቅ ነው። ከፍታው በነዳጅ የሚሠራን ሞተር አቅም ይቀንሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያቃጥል ከዚህ ጉዳት ነፃ ነው። የውሃው ክብደትም በከፍታ አይለወጥም፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ቦታ ባለ ሐይቅ ላይ ተፈትኖ የተመረጠ ፕሮፔለር እዚህም በተመሳሳይ ኃይል ይገፋል። የሚለወጠው አየሩ ነው። ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በስድስተኛ እጅ ገደማ የሳሳ በመሆኑ በነፋሻ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተርና መቆጣጠሪያ እዚህ ይበልጥ ይግላል፤ ስለዚህ በጣና ላይ ለሚሮጥ ጀልባ በውሃ የሚቀዘቅዝ ዕቃ መምረጥ ግዴታ ነው ማለት ይቻላል።

የባሕር ዳር ዳርቻ ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ከሐይቁ እየተነሣ ውሃውን ያናውጠዋል። ማዕበል የውድድር ጀልባን የሚጎዳው አካሉን በመምታት ብቻ አይደለም። ጀልባው ከማዕበሉ ጫፍ ሲዘል ፕሮፔለሩ ከውሃ ይወጣል፤ ሸክም ያጣው ሞተር በአንድ ጊዜ ወደ ከፍተኛ ዙሩ ይወረወራል፤ ፕሮፔለሩ ተመልሶ ውሃ ሲነካ ደግሞ የሚስበው አምፔር በቅጽበት ይተኮሳል። ሞተሩን ከፕሮፔለሩ ጋር የሚያገናኘው ተጣጣፊ ዘንግ የሚበጠሰው፣ ፕሮፔለርም ከአንገቱ የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ቅጽበት ነው። ስለሆነም ልምምዱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ መንዳት የግድ ከሆነም አንድ ቁጥር ያነሰ ፕሮፔለር መትከል ይገባል።

ሦስተኛው ጉዳይ አረምና ደለል ነው። እምቦጭ በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በኩል ከተገኘ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የተበጣጠሰ ሥሩና ቅጠሉ በነፋስ እየተገፋ ይንሳፈፋል፤ ደንገል ባለበት ጠርዝም የወደቁ ግንዶቹ በውሃው ፊት ላይ ይቀመጣሉ። አንድ የእምቦጭ ሥር በፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩ ቆሞ እያለ ሙሉ ኃይል ይቀበላል፤ ይህ ከሦስት ወይም ከአራት ሰከንድ በላይ ከቆየ የሚቃጠለው መቆጣጠሪያው ነው። ጀልባው ያለ ምክንያት ፍጥነቱን ሲቀንስ ወይም ድምፁ ሲለወጥ እጅን ወዲያው ከሪሞቱ የፍጥነት ማንሻ ላይ ማንሣት እንደ ደመ ነፍስ መለመድ አለበት። ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ እንደ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ ያሉት ገባር ወንዞች የሚያመጡት ደለል የማቀዝቀዣውን ቀጭን ቱቦ ስለሚደፍን፣ በውሃ መግቢያው ላይ ጥሩ ወንፊት መኖሩን ከመግዛት በፊት ማየት ያስፈልጋል።

ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አፍና ወደ ጨረጨራ ግድብ አቅጣጫ መንዳት አይገባም፤ ኃይሉን ያጣ ጀልባ በወራጁ ይወሰዳል፣ በዚያ አካባቢም ጉማሬ አለ።

ሁለተኛ፦ አካሉን መምረጥ

የውድድር ጀልባ አካል በሦስት ይከፈላል፦ ሥሩ እንደ ቪ የሾለው ነጠላ አካል፣ በሁለት ቀጫጭን አካሎች መካከል አየር የሚያሳልፈው ካታማራን፣ እና በጥቂት ነጥቦች ብቻ ውሃ የሚነካው ሃይድሮፕሌን። ካታማራንና ሃይድሮፕሌን በጸጥተኛ ውሃ ፈጣኖች ናቸው፤ ሆኖም በአየር ትራስ ላይ ስለሚሄዱ በነፋስና በማዕበል በቀላሉ ይገለበጣሉ። ለጣና ዳር ጀማሪ የማይናወጥ ምክሬ ከ70 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከፋይበርግላስ የተሠራ ባለ ቪ ነጠላ አካል ነው። ከዚህ ያጠረ ጀልባ ሞገዱን አይችለውም፤ ከዚህ የረዘመው ደግሞ ሴል የሚባሉት ነጠላ ክፍሎቹ ስድስትና ከዚያ በላይ የሆኑ ባትሪ ይጠይቃል።

ወደፊት በዓለም አቀፍ ሕግ መወዳደር የሚያስብ ሰው የምድብ ደንቦቹን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። በሰሜን አሜሪካ የጀልባ ሞዴል ማኅበራት ዘንድ ምድቦች በባትሪው የሴል ቁጥር ይለያሉ፤ ለምሳሌ ፒ የሚባለው ምድብ ባለ አራት ሴል፣ ኪው የሚባለው ባለ ስድስት ሴል ነው። መሠረቱ አውሮፓ በሆነው በናቪጋ የሞዴል መርከብ ማኅበር ደንብ ደግሞ የባትሪው ክብደት በግራም ይገደባል። የዚህ መመሪያ ምሳሌ ባለ አራት ሴል ጀልባ ነው፤ ርዝመቱ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ባትሪውን ጨምሮ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ነው እንበል።

ሦስተኛ፦ ከሩጫው ደቂቃ ተነሥቶ ባትሪውን ማስላት

አሁን ወደ ስሌት እንግባ። መጀመሪያ የሚወሰነው ጀልባው በሙሉ ፍጥነት ስንት ደቂቃ ይሮጣል የሚለው ነው። አራት ደቂቃ ለውድድርም ለልምምድም የሚበቃ ጊዜ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ከባትሪው አቅም 80 በመቶውን ብቻ እንደምንጠቀም እንወስን፤ ሊቲየም ፖሊመር፣ በተለምዶ ሊፖ የሚባለው ባትሪ፣ ተሟጥጦ ሲያልቅ ይበላሻልና።

ባለ 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ 80 በመቶው 4,000 ሚሊአምፔር ሰዓት፣ ማለትም 4 አምፔር ሰዓት ነው። ይህ በአራት ደቂቃ ካለቀ አማካይ የኃይል ፍሰቱ 60 አምፔር ይሆናል፤ ስሌቱም አራቱን አምፔር ሰዓት በስድሳ አባዝቶ ለደቂቃው ቁጥር ማካፈል ነው። በሸክም ጊዜ የአራት ሴል ባትሪ ቮልት 14.4 ገደማ ነው ብንል ጀልባው በአማካይ 860 ዋት ይጠቀማል። ሁለት ኪሎ ግራም ለሚያህል ጀልባ ይህ በቂ ኃይል ነው። ይህ የ60 አምፔር ቁጥር የጀልባው በጀት ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚመረጠው ፕሮፔለር፣ ሞተርና መቆጣጠሪያ ሁሉ በዚህ በጀት ውስጥ ማደር አለበት።

የሊፖ አንድ ሴል መደበኛ ቮልቱ 3.7፣ ሙሉ ሲሆን 4.2 ነው። አራት ሴል በተከታታይ ሲያያዝ 14.8 ቮልት መደበኛ፣ 16.8 ቮልት ሙሉ ይሆናል። በሸክም ጊዜ ማንኛውም ሴል ከ3.3 ቮልት በታች እንዳይወርድ መጠበቅ፣ ከሩጫ በኋላም ጥቂት አርፎ ሲለካ 3.7 ቮልት አካባቢ መገኘቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በባትሪው ላይ የተጻፈው የሲ ቁጥር ባትሪው ሳይጎዳ ሊሰጥ የሚችለውን አምፔር ያመለክታል፤ አቅሙ በአምፔር ሰዓት ተወስዶ በሲ ቁጥሩ ሲባዛ ከፍተኛው አምፔር ይገኛል። ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ 50 ሲ ከተጻፈበት 250 አምፔር ይሰጣል ማለት ነው። ነገር ግን የዚህ ቁጥር አለካክ በአምራቾች መካከል አንድ ወጥ አይደለም፤ ብዙዎቹም አጋነው ይጽፉታል። ስለዚህ የተጻፈውን በግማሽ ቀንሶ ማሰብ ጥሩ ልማድ ነው። የምሳሌያችን ጀልባ በመነሻና በመታጠፊያ ላይ ከአማካዩ እጥፍ፣ ማለትም 120 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህም 24 ሲ ነው፤ በግማሽ የመቀነሱን ልማድ ስንከተል 50 ሲ የተጻፈበት ባትሪ ይበቃናል ማለት ነው። 100 ሲ የተጻፈበትን በእጥፍ ዋጋ መግዛት አያስፈልግም።

ከሲው ቁጥር ይልቅ እውነተኛውን ነገር የሚናገረው የሴሉ ውስጣዊ መቋቋም ነው። ጥሩ ቻርጀሮች ይህን በሚሊኦም ለክተው ያሳያሉ። እያንዳንዱ ሴል 3 ሚሊኦም ቢሆን አራቱ 12 ይሆናሉ፤ በ100 አምፔር ላይ 1.2 ቮልት ባትሪው ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል። ሴሎቹ እያረጁ የአንዱ ሴል ቁጥር ከ10 ሲያልፍ ባትሪው ለውድድር አይሆንም፤ ለመብራት ወይም ለዝግተኛ ጀልባ ይሁን። ከአራቱ አንዱ ሴል ብቻ ከሌሎቹ በጣም ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየም ባትሪው በሙሉ እንደ ደከመ ይቆጠራል።

ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈቱ ክብ ሴሎችን አያይዞ ባትሪ መሥራት ለብዙ ሥራ ጠቃሚ ነው፤ ለውድድር ጀልባ ግን አይሆንም። የላፕቶፕ ሴል የተሠራው ጥቂት አምፔርን ለረጅም ሰዓት እንዲሰጥ ነው፤ 60 አምፔር ለማግኘት ብዙ ረድፍ ጎን ለጎን ማያያዝ ያስፈልጋል፣ ክብደቱም ጀልባውን ያሰጥመዋል ባይባል እንኳ ከውሃው ፊት ላይ እንዳይነሣ ያደርገዋል።

ባትሪውን ከውጭ የሚያመጣልዎ ሰው በአውሮፕላን የሚመጣ ከሆነ የዋት ሰዓቱን አስቀድመው ይንገሩት። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ የሚፈቀደው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ባለ አራት ሴል 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ 74 ዋት ሰዓት ነው፤ ባለ ስድስት ሴሉ 111 በመሆኑ ፈቃድ ይፈልጋል። ባለ ሁለት ሴል ሁለት ባትሪዎችን ገዝቶ በተከታታይ ማያያዝ ሌላ አማራጭ ነው፤ እያንዳንዳቸው 37 ዋት ሰዓት ብቻ ከመሆናቸውም በላይ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ በማስቀመጥ የጀልባውን ሚዛን ለማስተካከል ያመቻሉ። ማገናኛ ጫፎቻቸው እንዳይነካኩ በፕላስተር መሸፈን አለባቸው።

አራተኛ፦ ፕሮፔለሩ

ፕሮፔለር በሁለት ቁጥሮች ይታወቃል። አንደኛው ዲያሜትሩ ነው፤ ሁለተኛው ፒች የሚባለው፣ በአንድ ሙሉ ዙር ያለ መንሸራተት ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ለምሳሌ በውድድር ነጂዎች ዘንድ የታወቀው የኦክቱራ ኩባንያ ኤክስ ተከታታይ ፕሮፔለር ፒቹ የዲያሜትሩ 1.4 እጥፍ ነው፤ 40 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ፒቹ 56 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለምሳሌያችን ጀልባ መነሻው ይህ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ክንፍ ፕሮፔለር ነው።

ዲያሜትርን በዓይን መገመት አደገኛ ነው። የፒቹ ምጣኔ ሳይለወጥ ዲያሜትሩ ብቻ ሲያድግ የሚፈለገው ኃይል በዲያሜትሩ አምስተኛ እርከን (እድገቱ አምስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ) ያህል ያድጋል፤ የዙሩ ቁጥር ሲጨምር ደግሞ በሦስተኛው እርከን ያድጋል። ከ40 ወደ 42 ሚሊ ሜትር መሄድ ለዓይን ምንም አይመስልም፤ ነገር ግን የኃይል ፍላጎቱን ከሩብ በላይ ይጨምረዋል። ዙሩን በ10 በመቶ ማሳደግም በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምረዋል። ፕሮፔለሩ ግማሹ ከውሃ ወጥቶ በሚሮጥ ጀልባ ላይ ቁጥሮቹ በትክክል እንደዚህ አይወጡም፤ አቅጣጫቸው ግን ይህ ነው። በ40 ሚሊ ሜትር ፕሮፔለር 60 አምፔር የሚስብ ጀልባ በ42ቱ 75 ገደማ ሊስብ ይችላል፤ የአራት ደቂቃውም ሩጫ ወደ ሦስት ይወርዳል። ሞተር ሲግል «ደካማ ነው» ብሎ ሌላ ሞተር ከመፈለግ በፊት ፕሮፔለሩን በሁለት ሚሊ ሜትር ማሳነስ ያስፈልጋል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት ክንፍ ያለው ፕሮፔለር ጀልባውን ከቆመበት በፍጥነት ያነሣል፣ በመታጠፊያ ላይም ውሃውን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ለተመሳሳይ ዲያሜትር ብዙ አምፔር ይበላል፤ የጀልባውንም ጀርባ ወደ ላይ እየገፋ አፍንጫውን ወደ ታች ሊጥለው ይችላል። ለጀማሪ ሁለት ክንፍ ይበቃል።

ስለሚሠራበት ቁስ፦ ከካርቦን ጋር የተቀላቀለ ፕላስቲክ ርካሽ ነው፤ በሦስትና በአራት ሴል ላይ ይሠራል፤ አረም ወይም እንጨት ሲመታ ራሱ ተሰብሮ ዘንጉን ያድናል። በማሽን የተቀረጸ አልሙኒየም ከሳጥኑ እንደ ወጣ የተመዛዘነና የተሳለ በመሆኑ ከሁሉ የሚመቸው ነው። ከቤሪሊየም ነሐስ የሚሠራው ጠንካራና ፈጣን ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልተሳለና ያልተመዛዘነ ሆኖ ይመጣል። ሲሳል ግፊት የሚሰጠውን፣ ወደ ኋላ የሚያየውን ገጽ ሳይነኩ ወደ ጀልባው የሚያየውን ገጽ መሞረድ ይገባል፤ ከበድ ያለው ክንፍ ዘንግ ላይ ሲንጠለጠል ወደ ታች ስለሚዞር፣ እስኪስተካከል ድረስ የሚቀነሰው ከእርሱ ነው። የቤሪሊየም ብናኝ ለሳንባ መርዝ ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ ውሃ እያርከፈከፉ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ፣ ከቤት ውጭ፣ ልጆች በሌሉበት ካልሆነ በፍጹም አይሠራም፤ ይህን ማሟላት ለማይችል ሰው አልሙኒየሙ ይሻላል።

አምስተኛ፦ ሞተሩ

ፕሮፔለሩና ቮልቱ ከታወቁ ሞተሩን መምረጥ ቀላል ነው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ብሩሽ አልባ፣ ባለ አራት ዋልታ፣ ማግኔቱ በውስጥ የሚሽከረከርና የውሃ ማቀዝቀዣ ሸሚዝ የሚለብስ ሞተር ነው። በሞተሩ ላይ የሚጻፈው ኬቪ ያለ ሸክም በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ያሳያል። ከ40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ፕሮፔለር ጋር ለሚሄድ ጀልባ ኬቪው በባትሪው መደበኛ ቮልት ሲባዛ ወደ 30,000 የሚጠጋ ውጤት መስጠት አለበት። በአራት ሴል 2,000 ኬቪ 29,600 ይሰጣል። በሁለት ሴል ይህን ለማግኘት 4,000 ኬቪ፣ በስድስት ሴል ደግሞ 1,350 ገደማ ያስፈልጋል።

በዚህ መነሻ የፍጥነት ግምት ማውጣት ይቻላል። በሸክም ጊዜ ሞተሩ ከነፃ ዙሩ 80 በመቶ ገደማ ይዞራል፤ ይህም 23,700 ዙር በደቂቃ ነው። በ56 ሚሊ ሜትር ፒች ሲባዛ በደቂቃ 1,327 ሜትር፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ፕሮፔለሩ በውሃ ውስጥ የሚንሸራተተው ከ15 እስከ 20 በመቶ ሲቀነስ ከ64 እስከ 68 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይቀራል። ይህ ቁጥር ለጀማሪ እጅ ከበቂ በላይ ነው።

የሞተሩ ስፋትና ርዝመት ምን ያህል ሙቀት ተሸክሞ መቆየት እንደሚችል ይወስናሉ። በሞተሮች ስም ላይ የሚታየው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይነግራል፤ 3674 ማለት 36 ሚሊ ሜትር ስፋትና 74 ሚሊ ሜትር ርዝመት ማለት ነው። ለምሳሌያችን 3674 ወይም ትንሽ አጠር ያለው 3660 ተስማሚ ነው። 3650 በተመሳሳይ ኬቪ ቢገኝም በ60 አምፔር ላይ በፍጥነት ይግላል። ኬቪውን ከፍ አድርጎ ትንሽ ሞተር መግዛት በዋጋ ረገድ ያጓጓል፤ እኔ ግን ኬቪውን ዝቅ፣ ሞተሩን ተለቅ፣ ሴሉን ከፍ ማድረግን እመርጣለሁ፤ ተመሳሳይ ዋት በከፍተኛ ቮልት ሲተላለፍ አምፔሩ ስለሚቀንስ፣ በሽቦና በመቆጣጠሪያ ውስጥ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ በአምፔሩ ካሬ ስለሚለካ። ከአራት ወደ ስድስት ሴል መሄድ ብቻውን ይህን ብክነት ከግማሽ በታች ያወርደዋል።

የሞተሩ መዞሪያ አቅጣጫ ከተጣጣፊው ዘንግ ጠመዛ ጋር መስማማት አለበት፤ ሲሽከረከር የሚጠብቅ እንጂ የሚፈታ መሆን የለበትም። አቅጣጫውን ለመቀየር ከሦስቱ የሞተር ሽቦዎች ሁለቱን ማቀያየር ይበቃል። ዘንጉ በሸክም ሲጠመዘዝ ስለሚያጥር፣ በፕሮፔለሩ መያዣና በዘንጉ ድጋፍ መካከል 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ክፍተት ይተዋል።

ስድስተኛ፦ መቆጣጠሪያውና ሽቦው

የፍጥነት መቆጣጠሪያው ከአማካዩ አምፔር ሁለት እጥፍ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ መቻል አለበት፤ ለ60 አምፔር ጀልባ ባለ 150 ወይም ባለ 180 አምፔር፣ ለጀልባ ተብሎ የተሠራና በውሃ የሚቀዘቅዝ ይገዛል። ለመኪና የተሠራው የኋላ ማርሽና ፍሬን ስላለው አይስማማም። ቮልቱ ሲወርድ ኃይሉን የሚያቋርጠው የባትሪ መቁረጫ በአንድ ሴል 3.4 ቮልት ላይ ይደረጋል። ከባትሪ ወደ መቆጣጠሪያው የሚሄደው ሽቦ በተቻለ መጠን አጭር ይሁን፤ ረጅም ሽቦ በቮልቱ ላይ የሚፈጥረው መንቀጥቀጥ የመቆጣጠሪያውን ካፓሲተሮች ያፈነዳል። ሽቦ ማስረዘም የግድ ከሆነ በሞተሩ በኩል ይረዝማል። መገጣጠሚያዎቹ በደንብ በጋለ ካውያ ይበየዱ፤ ደካማ ብየዳ ራሱ ይቀልጣል።

ሰባተኛ፦ በውሃ ላይ መፈተን

ባትሪው በጀልባው ውስጥ ሲቀመጥ ሚዛኑ ከኋላው ጫፍ ከርዝመቱ 30 በመቶ ገደማ ላይ እንዲወድቅ ይደረጋል፤ ለ75 ሴንቲ ሜትር ጀልባ ከ22 እስከ 23 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። አፍንጫው ከተነሣ ባትሪው ወደ ፊት፣ ጀልባው ውሃውን እየረገጠ ከተጎተተ ወደ ኋላ ይገፋል። አካሉ ውስጥ ክፍት ቦታ ሁሉ በፎም ይሞላ፤ የተገለበጠ ጀልባ መንሳፈፍ አለበት።

ለመጀመሪያው ሙከራ አንድ ደቂቃ ብቻ ይንዱ፤ የማቀዝቀዣው ውሃ በጎን በኩል ሲወጣ በዓይን ይታይ። ጀልባውን አውጥተው ወዲያውኑ ሙቀት ይለኩ፤ ከርቀት የሚለካ ቴርሞሜትር ካለ ጥሩ ነው። የሞተሩ ሽፋን ከ70፣ መቆጣጠሪያው ከ60፣ ባትሪው ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሆነ ፕሮፔለሩ ከልክ በላይ ትልቅ ነው ማለት ነው። የሞተር ማግኔት ብዙ ጊዜ ከመጠን በላይ ከጋለ ኃይሉን ያጣል፤ ያ ኃይል ደግሞ ሲቀዘቅዝ አይመለስም። ቴርሞሜትር ከሌለ ጣትን ሦስት ሰከንድ ማሳረፍ ካልተቻለ ማቆም ይገባል።

ከሙቀቱ ይልቅ ትክክለኛውን ሒሳብ የሚሰጠው ቻርጀሩ ነው። ሙሉ የነበረው ባትሪ ሁለት ደቂቃ ከሮጠ በኋላ ሲሞላ ቻርጀሩ ስንት ሚሊአምፔር ሰዓት እንደመለሰ ይጻፍ። 2,000 ከሆነ አማካዩ 60 አምፔር ነው፤ በጀቱ ላይ ነን። 2,600 ከሆነ 78 አምፔር ነው፤ ፕሮፔለሩ ማነስ አለበት። 1,500 ከሆነ 45 አምፔር ነው፤ ሙቀቱም ዝቅ ያለ ከሆነ ወደ 42 ሚሊ ሜትር መውጣት ይቻላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ፕሮፔለርና የባትሪ ቦታ አብረው ከተለወጡ የትኛው ምን እንዳመጣ አይታወቅም።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋቶች ባትሪው ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ መቋቋሙ ይጨምራል፤ እስከ መነሻው ሰዓት ድረስ በጋቢ ተጠቅልሎ ቢቆይ ጥሩ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይተው።

የቆመ ጀልባ ለማምጣት በዳርቻው ውሃ ውስጥ መግባት አይመከርም፤ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ከመንዳት በፊት ከአንድ ባለ ታንኳ ጋር ተስማምቶ በአቅራቢያው እንዲቆይ ማድረግ ቀላሉ መንገድ ነው። ባለ ታንኳው የዓሣ አጥማጆቹ መረብ የተዘረጋበትንም ያውቃል፤ ያንን ጠይቆ የመሮጫውን መስመር ከእርሱ ማራቅ ለሰዎቹም ለጀልባውም ይጠቅማል። ባትሪው በተገናኘ ቁጥር ፕሮፔለሩ በማንኛውም ጊዜ ሊዞር እንደሚችል ይታሰብ፤ በዳርቻው የሚሰበሰቡ ልጆች ከኋላ በኩል እንዳይጠጉ አንድ ሰው ይቁም። ሪሞቱ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይከፈታል፣ በመጨረሻ ይዘጋል።

ስምንተኛ፦ መሙላትና ማስቀመጥ

ባትሪው በአቅሙ አንድ እጥፍ፣ ማለትም ለ5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት በ5 አምፔር፣ ሴሎቹን በሚያመዛዝን ቻርጀር ይሞላል፤ ለአራት ሴል 100 ዋት ቻርጀር ይበቃል። ሰው በሌለበት ወይም ሌሊት በእንቅልፍ ሰዓት አይሞላ፤ በሸክላ ወይም በብረት ዕቃ ውስጥ፣ ከመጋረጃና ከምንጣፍ ርቆ ይቀመጥ። መብራት በሚጠፋበት ቀን ወይም በዳርቻው ላይ ከ12 ቮልት የመኪና ባትሪ መሙላት ይቻላል፤ አንድ የሮጠ ባትሪ 6 አምፔር ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ፣ ባለ 60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ከግማሽ በታች ሳይወርድ አራት ጊዜ ይሞላል።

በቀኑ መጨረሻ ተጣጣፊው ዘንግ ተስቦ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ውሃ የሚቋቋም ግሪስ ተቀብቶ ይመለሳል። የማቀዝቀዣው ቱቦ በአፍ ተነፍቶ ደለሉ ይጠረጋል። የጀልባው ክዳን ተከፍቶ ያድራል። ከሁለት ቀን በላይ ለሚቀመጥ ባትሪ እያንዳንዱ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ላይ ይደረግ፤ ሙሉ ሆኖ ሳምንታት የከረመ ሊፖ ያብጣል። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ አይበሳም፣ ከቤት ቆሻሻ ጋርም አይጣልም፤ በትንሽ አምፖል ቀስ ብሎ እስከ ዜሮ ቮልት ከወረደ በኋላ ጫፎቹ ተሸፍነው ከቤት ውጭ በብረት ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል።